አጥር የተሻገረው ብረት

ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የውሃ ቧንቧ፣ ግማሽ ባልዲ አሸዋ፣ ጥቂት ጠጠርና ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ። ቧንቧው በአንደኛው ጣሳ መሀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዙሪያውን ሲሚንቶው ይሞላበታል፤ እንዳያጋድል በድንጋይ ተደግፎ ያድራል። በማግስቱ ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠነክር ይገለበጥና ሌላኛው ጫፍ ይሠራል። ልምድ ያለው ሠሪ ኮንክሪቱ ከቧንቧው ላይ እንዳይሾልክ ጫፉን በስቶ የፌሮ ቁራጭ ያሻግርበታል። ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም ክብደታቸው እኩል አይመጣም፤ አንዱ ጠጠር ይበዛበታል፣ ሌላው አሸዋ። ስለዚህ የሚያነሳው ልጅ አሥር ጊዜ ገፍቶ ሲያርፍ ብረቱን ያዞረዋል፤ የከበደው ጎን አሁን በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ።

በኢትዮጵያ ከተሞች ብረት ማንሳት የጀመሩ ብዙ ወጣቶች የጀመሩት በዚህ ነው። አብዛኛው ክብደቱ የሲሚንቶ ቢሆንም ስሙ «ብረት» ነው። ሚዛን ላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚናገር የለም፤ የሚታወቀው ማን ስንት ጊዜ እንዳነሳው ነው።

የጂም ታሪክ ሲነሳ ይህ የሲሚንቶ ብረት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ወሬው ከትልልቅ ሆቴሎች ወይም ከቦሌ የመስታወት ሕንፃዎች ይጀምርና ነገሩ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ ተብሎ ይጠናቀቃል። የሆነው ግን ይለያል። ሰውነትን በሥርዓት ማሠልጠን በዚህ አገር የተጓዘው ከአጥር ወደ አጥር ነው፤ መጀመሪያ በወታደር ካምፕ አጥር ውስጥ ነበር፣ ቀጥሎ በክበብና በማኅበር ግቢ፣ ከዚያ በትምህርት ቤት፣ ከዚያ በሆቴል፣ በስተመጨረሻ በመኖሪያ ሰፈር የቆርቆሮ አጥር ውስጥ። አጥሩን በተሻገረ ቁጥር ያሻገረው ደግሞ አንድ የሚያስተምር ሰው ነው። ዕቃው የሚከተለው ኋላ ላይ ነው።

ይህን ታሪክ ከጫፉ ማየት ለሚፈልግ እንደ ገሱባ ያለች ከተማ ጥሩ መቆሚያ ናት። ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ የኦፋ ወረዳ መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ ናት። በወላይታ መሬት ጠባብ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው የሚኖርበት፣ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። እንሰት ለሚፍቅ፣ በመቆፈሪያ መሬት ለሚገለብጥ፣ ቦዬና ጎዳሬ ተሸክሞ ገበያ ለሚወጣ ሰው «ስፖርት ሥራ» ማለት ትርጉሙ ምንድን ነው? እዚያ ጂም ለመክፈት የሚነሳ ሰው ከቤት ኪራዩና ከዕቃው በፊት የሚገጥመው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1813 ፔር ሄንሪክ ሊንግ የተባለ ስዊድናዊ በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ከፈተ። ዘዴው ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ሰዎች ተሰልፈው በትእዛዝ እጅ ያነሳሉ፣ ወገብ ያጥፋሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ይዘላሉ። ለጦር ሠራዊት የተመቸ ነበርና የስዊድን መኮንኖች በሄዱበት ሁሉ ይዘውት ሄዱ። ወደ ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ መጣ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ የተከፈተውን የጦር ትምህርት ቤት የመሩት በቪኪንግ ታም የሚታዘዙ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። የጣልያን ወረራ ትምህርት ቤቱን ብዙም ሳይቆይ አቋረጠው፤ ከነፃነት በኋላ ግን ስዊድናውያን ተመለሱ፣ በተለይም ክብር ዘበኛን ለማሠልጠን።

ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1946 የመጣው ኦኒ ኒስካነን ይገኝበታል። ወጣት ወታደሮችን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅስ፣ ሳውናን እንደ ሥልጠና አካል የሚቆጥር ሰው ነበር። ካሠለጠናቸው የክብር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። ስለዚያ ምሽት ብዙ ተብሏል። ለጂም ታሪክ ግን የሚበልጠው ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የታየው ነው። አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ሁለተኛው ሯጭ ለመድረስ አራት ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። በዚያ ባዶ ጊዜ አበበ ሣሩ ላይ ወጣ፤ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አነሳ፣ ተነሥቶ ጎንበስ እያለ የእግሩን ጣቶች ነካ። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ የጨረሰ ሰው በስታዲየሙ መሀል የጠዋት ስፖርቱን የሚሠራ ይመስል ነበር። ተመልካቹ በመገረም ያየው ያ እንቅስቃሴ ለክብር ዘበኛ ወታደር የዘወትር ሥራ ነበር። ዓለም ያየው በካምፑ አጥር ውስጥ የነበረውን ነው።

አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። ያ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን በስፖርት በማሠልጠን የታወቀ ነው። አበበም እዚያ በሚካሄደው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1970 በዊልቸር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። እግሩ የቆመበት ሰው በክንዱ ቀጠለ። ሰውነት ማሠልጠን ለጤነኛና ለወጣት ብቻ የተሰጠ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሆኖም በየጂሙ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው አጥር የክበብ ነው። በአዲስ አበባ የጣልያኖች ጁቬንቱስ፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የአርመኖች አራራት እያንዳንዳቸው ግቢ ነበራቸው፤ ከአባላቱ ውጭ ያለው ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የሚያየው። ለከተማው ልጅ በሩን ከሁሉ በላይ የከፈተው ወወክማ ነው፤ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። እናት ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1844 በለንደን ነው። ከዚያ ማኅበር አዳራሾች የወጡ ሁለት ጨዋታዎች ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የማይታወቁበት ትምህርት ቤት የለም። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የማኅበሩ ማሠልጠኛ ፈጠረው። ከአራት ዓመት በኋላ ዊልያም ሞርጋን ሆልዮክ በተባለች ከተማ መረብ ኳስን ፈጠረ። የሞርጋን ምክንያት ዛሬም ይሠራል፤ ቀኑን በቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነጋዴዎች ቅርጫት ኳሱ ሲበዛባቸው የማይጋፉበት ጨዋታ ፈለገላቸው። መረብ ኳስ የተሠራው ተቀማጭ ሰው እንዲነሳ ነው ማለት ይቻላል።

የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «አራት ኪሎ ወወክማ» እያለ የሚጠራው ግቢ ቅርጫት ኳስ፣ ቦክስና ብረት ማንሳት ለብዙ የሰፈር ልጆች በአንድ ላይ የተገኘበት ነበር። በደርግ ዘመን ማኅበሩ ተዘጋ፤ የቆየው ስሙና የስፖርት ልማዱ ነው። ቦክስም እንዲሁ ከካምፕና ከማኅበር ወጥቶ አዲስ አበባ ያለችው ትንሿ ስታዲየም ደረሰ፤ በ1957ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ቦክሰኞችም ነበሯት።

ትምህርት ቤቱ የሠራውን ያህል ግን ማንም አልሠራም። አማርኛ ለዚህ ትምህርት የሰጠው ስም ራሱ ቆም ብለው ቢያዩት የሚያምር ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻ። ጎለመሰ የሚባለው ልጅነቱን ጨርሶ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ በቁምጣ የሚሮጠው ተማሪ ጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱን እያጎለመሰ ነው፤ «ሰውነት» ደግሞ በአማርኛ ገላም ነው፣ ሰው መሆንም ነው። ስያሜውን ያወጣው ሰው ያሰበበት ይመስላል። ከዚህ የተነሣ በኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞች ለብዙ ዘመን የነበረው ጂም የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው። ፊሽካ፣ አንድ ኳስ፣ የአቧራ ሜዳ፣ ከባሕር ዛፍ የተሠራ የመጎተቻ አግዳሚ።

የዚህ ምስክር በቆጂ ናት። በአርሲ ደጋ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አወጣች። እነዚህን ልጆች በመጀመሪያ ዕድሜያቸው ያየው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ትሬድሚል አልነበረም፣ የክብደት ክፍል አልነበረም፤ ጫካ፣ ዳገትና በየማለዳው ቀድሞ የሚገኝ አንድ ሰው ነበር። «የተረሳ ሰፈር ላይ ማን ይከፍላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ነጋዴ በቆጂ ቀጥተኛ መልስ አትሰጥም፤ አንድ አሠልጣኝ ሳያቋርጥ ለዓመታት ሲቆም ግን ሜዳው ምን እንደሚሆን ታሳያለች።

ሆቴሎቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሂልተን አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት የመዋኛ ገንዳና የስፖርት ክበብ ይዞ ነበር፤ ሸራተን እ.ኤ.አ. በ1998 ተከተለ። ስቲም፣ ሳውና፣ ማሳጅ የሚሉት ቃላት በከተማው አፍ የገቡት በእነዚህ በኩል ነው፤ ምንም እንኳ ፍልውሃ ላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ማፍታታት ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ቢሆንም። የሆቴሉ አጥር ከካምፑ ይልቅ ረጅም ነበር። ካምፑ ወታደር የሆነን ሁሉ ያስገባል፤ ሆቴሉ የሚያስገባው የአባልነት ክፍያውን የቻለውን ብቻ ነው። «ጂም የሀብታም ነው» የሚለው እምነት፣ ዛሬም በትንሽ ከተማ ጂም የሚከፍተውን ሰው የሚያደክመው እምነት፣ የመጣው ከዚህ ነው።

የሰፈሩን ልጅ ግን ሆቴሉ አልጠራውም። የጠራው ቪዲዮ ቤት ነው።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየከተማው በጨለመ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ኮማንዶንና ራምቦን፣ ብሩስ ሊንና ቫን ዳምን ያላየ ወጣት ጥቂት ነው። ኮማንዶ የተሠራው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ግን ያን ሰውነት ይዞ የመጣው ከካሊፎርኒያ የቬኒስ ባሕር ዳርቻ፣ ጆ ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1965 ከከፈተው ጂም ነው። ጎልድ ዕቃዎቹን ብዙውን በራሱ እጅ በየደ። ያ ጂም በብየዳ ተወልዶ በፊልም በኩል በኢትዮጵያ ወረዳ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች መድረሱ፣ ከዚያም ተመልካቹን ወደ ሲሚንቶና ጣሳ መላኩ፣ ከማንኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ የበለጠ ውጤት ነበረው። ሰዓሊዎች የአርኖልድን ጡንቻ በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም ሣሉት። ክንዱ ከጭኑ ወፍሮ፣ ፊቱ ደግሞ የሰፈር ልጅ ፊት ሆኖ የሚታይበት ያ ታፔላ ዛሬም በብዙ ከተማ አልጠፋም።

ታፔላው ግን ጉዳትም አለው፣ ይህ ደግሞ ስለ ገበያ ለሚያስብ ሰው ትልቁ ትምህርት ነው። በአማርኛ «ጡንቸኛ» ሲባል ምስጋና አይደለም፤ በጉልበቱ የሚመካ፣ የሰው ድርሻ የሚነጥቅ ማለት ነው። ብረት የሚገፋ ልጅ በሰፈር ዓይን ወይ ለጠብ የተዘጋጀ ነው ወይ ቦዲጋርድ ሊሆን ነው። ወላጅ ልጁ እዚያ ቤት ሲገባ ይሰጋል፤ ሴት ልጅማ በበሩም ባታልፍ ይመረጣል። በአንጻሩ ውፍረት የጤና ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሰዎች «ወፈር ብለሃል፣ አምሮብሃል» ይባባላሉ፤ የቀጠነውን «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» ይሉታል። እንዲህ በሚባልበት አገር «ኑና ክብደት ቀንሱ» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ ሰሚ የሚያጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያንን የቀየረው ስኳርና ደም ግፊት ነው። ሐኪሞች ከመድኃኒቱ ጋር እንቅስቃሴን ማዘዝ ሲጀምሩ «ስፖርት ሥሪ ተብያለሁ» የሚሉ እናቶች በየጎዳናው በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስኒከር አጥልቀው ወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህ በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የእሑድ ማለዳ ኳስ የሚጫወቱ ጎልማሶች ቡድናቸውን «ጤና ቡድን» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ ዓላማውን ይናገራል፣ ውድድር አይደለም፣ ጤና ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የሌሎች ከተሞች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሰው በአስፋልት ላይ በጅምላ ስፖርት ሲሠራ፣ ለብዙ ሰው በአደባባይ መዝለል ነውር እንዳልሆነ የታየበት ቀን ነበር። በአዲስ አበባ ደግሞ ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ይህንኑ በየዓመቱ ሲሠራ ቆይቷል። ጂሞቹም ተለወጡ። ኤሮቢክስና ታይቦ በሙዚቃ መጣ፣ የሴቶች ሰዓት ተለየ፣ ከጡንቸኛው ታፔላ ጎን «ለጤናዎ» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። አማርኛ ራሱ ምርጫውን አድርጓል፤ ኳስ «ይጫወታሉ»፣ ስፖርት ግን «ይሠራሉ»። ሥራ ከሆነ ደግሞ ለማንም ነውር አይደለም።

ይህ ለውጥ ወላይታ የደረሰው በሁለት በር ነው። አንደኛው ኳስ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ዲቻ፣ ደጋፊዎቹ «የጦና ንቦች» የሚሉት ክለብ፣ በመጋቢት 2010 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ጣለ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፣ ከዚያ በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አለፈ። ከምኒልክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 በተዋጋው በመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ በጦና ስም ቅጽል የወጣለት የክፍለ ሀገር ቡድን የአፍሪካን ኃያል ክለብ በሜዳው ማሰናበቱ፣ በየወረዳው ሜዳ ላይ ለሚሮጥ ልጅ ምን እንደነገረው መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው በር ዩኒቨርሲቲው ነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ፤ እንደ ሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ሳይንስም ያስተምራል። በመላው አገሪቱ በየዓመቱ የሚመረቁት የዚህ ትምህርት ልጆች ሁሉም የመምህርነት ቦታ አያገኙም። ሰውነት እንዴት እንደሚሞቅ፣ ጉልበት የታመመ ሰው ምን መሥራት እንደሌለበት፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ለምን ብረት መግፋት እንደማይገባው የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ በየወረዳው ተገኘ ማለት ነው። ታሪኩ ላይ እንደታየው አጥር የሚያሻግረው አስተማሪ ከሆነ፣ ሰውየው አሁን ገሱባ ድረስ አለ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም የተደራጁ ወጣቶች መበደር የሚችሉበት መንገድም ተከፍቶ ነበር። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ስትሆን ደግሞ ቢሮውና ተቀማጭ ሠራተኛው በዛ።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው። ጂም የሚያስፈልገው ለሚቆፍረው ገበሬ አይደለም፤ መሬት ጠቦበት ከቁፋሮ ለወጣው ልጁ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ከማለዳ እስከ ማታ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ወገቡ የሚታመመው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሯ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ሱቅ ውስጥ የምትውለው ነጋዴ፣ ሁሉም አባታቸው የሠራውን የጉልበት ሥራ አይሠሩም፤ የሚበሉት ግን የአባታቸውን ያህል ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሰውነት ሥራውን አጣ። ትንሽ ከተማ ጂም የምትሻው በዚህ ጊዜ ነው፤ ፎቅ ስትሠራ አይደለም።

አከፋፈቱ ከዚህ ይከተላል። ከውጭ የሚመጣ ማሽን የውጭ ምንዛሪና ቀረጥ ያለበት ነው፤ ትሬድሚል ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ስለዚህ በወረዳ ከተማ የሚሠራው ጂም መሠረቱ ብየዳ ቤት ነው። ቤንቹ ከቱቦላሬ ይበየዳል፤ የስኳት መደገፊያው ከአንግል ብረት፤ ዲስኩ ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ ወይም ከአሮጌ መኪና ማርሽና ፍሬን ታምቡር ይወጣል። ወለሉ እንዳይሰነጠቅ የተቆረጠ የመኪና ጎማ ይነጠፋል። ንግድ ፈቃዱ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ክፍሉ አየር ያስገባ እንደሆነ፣ አሠልጣኙ የትምህርት ማስረጃ እንዳለው፣ መታጠቢያና መቀየሪያ እንዳለ ይታያል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በመታጠቢያው ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ያልገዛ ጂም ሴት ደንበኛን ማቆየት አይችልም።

ስለ ማስታወቂያው ደግሞ የአካባቢው የዘመን አቆጣጠር የሚያስተምረው አለ። ወላይታ ዓመቱን የሚቀይረው በመስከረም በጊፋታ ነው። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ጫማ ሲጠርግ፣ ሲነግድ፣ ሲማር የከረመ ወጣት ለጊፋታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቤተሰብ ለሥጋው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥብ ይከርማል። ተመላሹ ልጅ ከጫማና ከልብስ ጋር የከተማ ልማድም ይዞ ይገባል፤ በትልቅ ከተማ ጂም የለመደ ወንድም ለታናሹ ከማንኛውም ታፔላ የበለጠ ማስታወቂያ ነው። ሞንታርቦ በመኪና ጭኖ በገበያ ቀን መዞር ሰው ይሰበስባል፤ ሆኖም በጊፋታ ማግስት ኪሱ ባዶ ለሆነ ከተማ ወርሃዊ ክፍያን መጥራት ጊዜውን የሳተ ነው። በዓሉ ሳይደርስ በነፃ ማስጀመር፣ ክፍያውን ገበያው ሲመለስ መጠየቅ፣ ለባጃጅ ሾፌሮች በማኅበራቸው፣ ለመምህራን በደመወዝ ቀን፣ ለሰፈር ወጣቶች በእቁብ ዓይነት በሳምንት በሳምንት መሰብሰብ የተሻለ ነው። አንድ ወር የጠፋ ደንበኛን ስልክ ደውሎ «ምነው ጠፋህ?» ማለትም ወጪ የለውም። ምግቡንም ቢሆን ከውጭ በመጣ የፕሮቲን ዱቄት መጀመር አያስፈልግም፤ ወላይታ ቦሎቄ የሚበቅልበት አገር ነው፣ እንቁላልም በየቤቱ አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሴቶች ሰዓት ነው። ሴት አሠልጣኝ የሌለው ጂም የሴቶች ሰዓት ብሎ ቢለጥፍ ወረቀቱ ብቻውን ይቀራል። በዚህ ላይ የተሻለ ውጤት የሚገኘው ከጤና ጣቢያ ጋር በመነጋገር ነው፤ ስኳርና ግፊት ያለባቸው እናቶች ሐኪም ልኳቸው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው፣ በረጅም ቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሰው ሲመጡ፣ ሴት ልጆቻቸው ይከተላሉ። እናት የገባችበትን ቤት ሰፈር ስም አያወጣለትም።

ሶዶ ብየዳ ቤት የተሠራ ቤንች ቀለሙ ሳይደርቅ በአይሱዙ ጀርባ በሲሚንቶ ከረጢትና በለስላሳ ሳጥን መሀል ታስሮ ወደ ወረዳ ከተማ ይጫናል። ሲደርስ የሚያወርዱት ልጆች መጀመሪያ ተኝተው ይሞክሩታል፤ ከዚያ ከየግቢያቸው የሲሚንቶ ብረታቸውን ያመጣሉ፣ አዲሱ ዲስክ እስኪሞላ ድረስ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት፣ ባጃጆቹ ሥራ ሳይወጡ፣ በሩ ተከፍቶ አንዱ በግራ የከበደውን ጎን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ አሠልጣኙ አጠገቡ ቆሞ እስከ አሥር ይቆጥርለታል።